የዶርዜ አረቄ ሲቀመስ

ከአርባ ምንጭ ተነስታችሁ ጠመዝማዛውን ዳገት ወደ ዶርዜ ስትወጡ የሚጠብቃችሁ ግብዣ የታወቀ ነው፦ ትኩስ ቆጮ፣ ማር፣ ዳጣ፣ ከዚያ በትንሽ ብርጭቆ አረቄ። እንግዳው በአንድ ትንፋሽ ይጨልጠዋል፣ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ይሳቃል። ጨዋታው ደስ ይላል፤ አረቄውን ግን ማንም አልቀመሰውም።

ጥፋተኛው ዳጣው ነው። የበርበሬው ካፕሳይሲን ምላሳችን ላይ ያለውን ቲአርፒቪ1 የተባለ ሙቀት ተቀባይ ይቀሰቅሳል። ይህ ተቀባይ በተለምዶ የሚነቃው 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ነው። አልኮል ሲነካው ግን ወደ 34 ይወርዳል፤ የገዛ አፋችሁ ሙቀት እንኳ እንደ እሳት ይሰማችኋል ማለት ነው። ዳጣና አረቄ የሚያንኳኩት አንድ በር ነው። ከዚያ በኋላ ምላስ ስለ ጣዕም ምን ሊናገር?

ስለዚህ ዳጣውን ገፋ አድርጌ አረቄውን ብቻውን ቀመስኩት። መጀመሪያ ማቃጠል ብቻ ነበር። ጥቂት ጠብታ ውሃ ስጨምርበት የእህሉ ሽታ፣ ቀጥሎም ጭስ ጭስ የሚል ነገር መጣ። ምትሃት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የስዊድን ተመራማሪዎች በኮምፒውተር ስሌት እንዳሳዩት ውስኪ በውሃ ሲቀጥን ጉዋያኮል የተባለው ጭስ የሚሸት ሞለኪውል ወደ መጠጡ ገጽ ይወጣል።

ርካሽ የአሜሪካ ራይ ውስኪ እንኳ ቀለሙንና የቫኒላ ሽታውን የሚበደረው ውስጡ በእሳት ከተጠበሰ የኦክ በርሜል ነው። የዶርዜው አረቄ በርሜል አያውቅም፤ እህሉ ራቁቱን ነው የሚቀርበው። እኔ ይሄን ወድጄዋለሁ። በማርና በሎሚ ስበጠብጠው ጥሩ ኮክቴል ወጣው፤ ሻካራነቱ ለሰሰ፣ እህሉ ግን አብሮ ጠፋ። ጣፋጩ ጥንካሬውንም ይደብቃል፣ ይሄ ደግሞ ቀልድ አይደለም።

ምክንያቱም ስንት ፐርሰንት እንደሆነ የሚነግራችሁ የለም። በአገራችን አንዴ የወጣው ተራ አረቄ 34 ከመቶ አካባቢ አልኮል ሲኖረው፣ ዳግም የተባለው 46 አካባቢ ይደርሳል። «በሰማያዊ ነበልባል ከነደደ ንጹህ ነው» የሚባለውም አያስኬድም፤ ዓይን የሚያጠፋው ሜታኖልም የሚነደው በሰማያዊ ነው።

(ከ21 ዓመት በታች ላላችሁ ሽያጩ በሕግ የተከለከለ ነው። እናንተ ዳጣውን በቆጮ ቅመሱና መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ማር ሞክሩ፤ ካፕሳይሲን በውሃ አይሟሟም፣ ማሩ ግን ቃጠሎውን ያበርደዋል።)

አስተናጋጆቹን የምለምነው ሁለት ነገር ነው፦ ዳጣው ከአረቄው በኋላ ይምጣ፤ ተራ ይሁን ዳግም ደግሞ ከመቅዳታችሁ በፊት ንገሩን።