የመምህራን አሠልጣኞች ከፍተኛ ዲፕሎማና የገጠሩ ክፍል

ስለ መምህራን ሥልጠና ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው ዕጩ መምህሩ ነው፤ እርሱን የሚያሠለጥነው ሰው ራሱ የማሠልጠንን ሙያ ከየት አገኘው የሚለው ጥያቄ ብዙም አይነሣም። በኢትዮጵያ ለዚህ ጥያቄ በመንግሥት ደረጃ ምላሽ የተሰጠው በ1996 ዓ.ም. የመምህራን ትምህርት ሥርዓት በአዲስ መልክ ሲዋቀር ነው። ያን ጊዜ ለአሠልጣኞች የአንድ ዓመት የከፍተኛ ዲፕሎማ መርሐ ግብር ተጀመረ፤ ቪ.ኤስ.ኦ. የተባለው ድርጅት የላካቸው በጎ ፈቃደኞችም በየተቋሙ እየተመደቡ መርተውታል።

የመመሪያው መጽሐፍ መሠረተ ዐሳብ የሚመሰገን ነው። አሠልጣኙ ከሥራው ሳይለይ እንዲማር፣ ያስተማረውን መለስ ብሎ እንዲመረምር፣ አሳታፊ ዘዴንና ተከታታይ ምዘናን በገዛ ክፍሉ እንዲሞክር፣ ተግባራዊ ምርምር እንዲያካሂድ፣ ትምህርት ቤት ድረስ ሄዶ እንዲያይ ይጠይቃል። ስለ አሳታፊ ዘዴ ሙሉውን ሰዓት በገለጻ ብቻ ሲያስተምር ለኖረ ሰው (እንዲህ ያለው ደግሞ ጥቂት አልነበረም) ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም።

ይሁን እንጂ ትምህርት ቤት መሄዱ ከብዙዎቹ ተግባራት እንደ አንዱ ብቻ መቈጠሩ የመርሐ ግብሩ ዋና ጉድለት ነው። ለሌሎቹ ሁሉ መሠረት ሊሆን ይገባው ነበር። ምዕራብ ጎጃምን መመልከት ይበቃል። በፍኖተ ሰላም መምህራን ትምህርት ኮሌጅ የሠለጠነ መምህር ማንኩሳን አልፎ በቡሬ ዙሪያ፣ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ በእግር ወደሚገባበት ቀበሌ ሊመደብ ይችላል። እዚያ የአንድን ክፍል ትምህርት ሁሉ ብቻውን ያስተምራል። መመዘኛው 50 ተማሪ ቢሆንም ቍጥሩ ከዚያ ማለፉ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ጤፍ በሚታጨድበት በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ብዙው ልጅ ይቀራል። ይህን መምህር ያሠለጠነው ሰው በአንጻሩ በኬሚስትሪ ወይም በታሪክ የተመረቀ፣ ምናልባትም በሁለተኛ ደረጃ ያስተማረ ነው። ፊደል ያልለየ የሰባት ዓመት ልጅ ፊቱ ተቀምጦ አያውቅም። የማያውቀውንም ሊያሠለጥን ይገደዳል።

ችግሩን ያባባሰው ቋንቋው ነው። መመሪያው የተዘጋጀው በእንግሊዝኛ ነው፤ የገጠሩ ልጅ ግን የሚማረው በአማርኛ ነው። ልጁ ሳልሱን ከኃምስ፣ «ቢ»ን ከ«ቤ» ሲያምታታ ያየ አሠልጣኝ ትዝብቱን በእንግሊዝኛ ጻፍ ቢባል ሳልስና ኃምስ የሚሉት ቃላት እንኳ አይገኙለትም። ስለዚህ ያየውን ትቶ መመሪያው ያስተማረውን ይጽፋል። ማኅደሩ ይወፍራል፤ ልጁ ግን በውስጡ የለም።

ጎጃም ለዚህ ነገር ባዕድ አገር አይደለም። በቅኔ ጉባኤዎቹ የደረሰው ተማሪ ታናናሾቹን እያስቀጸለ፣ በመምህሩ ዘንድ እየታረመ ማስተማርን ይለምድ ነበር። የጉባኤው ልማድ ሁሉ ይወሰድ ማለት አይደለም፤ በትሩ ቢቀር ይሻላል። ነገር ግን ማስተማርን ከተማሪው ርቆ በወረቀት መማር እንደማይቻል የቅኔው መምህር ያለ መመሪያ ያውቀው ነበር።

ለትምህርት ቤት መምህራን በዓመት 60 ሰዓት የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ተደንግጓል፤ የየአካባቢው ትምህርት ቤቶችም በጉድኝት ማእከል ይገናኛሉ። የአሠልጣኙ ዓመት ከዚህ ጋር ቢያያዝ፣ አሠልጣኙ ለጥቂት ሳምንታት አንደኛ ክፍልን ራሱ ቢያስተምርና የቀበሌው መምህር ተመልክቶ ቢያርመው፣ ወጪው ከአበልና ከመጓጓዣ እምብዛም አይዘልም። የሚከብደው ክብሩ ነው፤ ባለ ማስተርሱ በባለ ዲፕሎማው መታረሙን በቀላሉ አይቀበለውም። መመሪያው ይህን እንቅፋት ሳይነካው አልፏል።

ጉዳዩ ዛሬ ይበልጥ አስቸኳይ ሆኗል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምዕራብ ጎጃምን ጨምሮ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ልጆች ያለ ትምህርት ዓመታት አልፈዋቸዋል። እነዚህ ልጆች ሲመለሱ የዐሥር ዓመቱ ከሰባት ዓመቱ ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጦ «ሀ ሁ» ይጀምራል። እንዲህ ያለውን ክፍል እንዴት እንደሚያስተምር መምህሩ ኮሌጁን ይጠይቃል፤ አሠልጣኙም የሚመልሰው ከማኅደሩ ነው።