ረሃብ የሰበሰበውን ዕዳ ሲበትነው

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስለኖርኩ ከስም ላይ የተሰረዘች ቃል ዓይኔ ውስጥ ትገባለች። ዛሬ ኢጋድ የምንለው ድርጅት በ1978 ዓ.ም. ሲቋቋም ስሙ ውስጥ «ድርቅ» የሚል ቃል ነበረ። የ77ቱ ረሃብ ገና ከሰው ፊት አልጠፋም ነበርና ኢትዮጵያ፣ ሱዳን፣ ሶማሊያ፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ጅቡቲ «በጋራ እንመክተው» ብለው ተቀመጡ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ዚያድ ባሬ ከኦጋዴኑ ጦርነት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት የተገናኙት በዚያ የጅቡቲ ጉባኤ ነው። በ1988 ዓ.ም. ድርጅቱ ሲታደስ ሰላምና ጸጥታ ወደ ሥራው ገባ፤ ድርቅ ከስሙ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ዘመናችን መጣ። ከሰኔ 2000 እስከ ኅዳር 2012 ዓ.ም. የኢጋድን ሊቀመንበርነት ይዘን ቆየን። ሰላም አስከባሪ ላክን፣ የደቡብ ሱዳንን ተፋላሚዎች አዲስ አበባ ላይ አስቀመጥን። ኢኮኖሚው ያድግ ነበር፤ እኛም «የቀጣናው ምሰሶ» መባሉን ወደድነው። ታዲያ ምሰሶው በምን እንደቆመ የጠየቀ ስንቱ ነው? በ2007 ዓ.ም. ከዓለም ገበያ 1 ቢሊዮን ዶላር በቦንድ ስንበደር እንኳ ዜናው የተነገረው እንደ ድል ነበር።

በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የዚያን ቦንድ ወለድ፣ 33 ሚሊዮን ዶላር፣ ሳንከፍል ቀረን። በዚያው ወር፣ በ22ኛው ቀን፣ ከሶማሊላንድ ጋር የባሕር በር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ። ሞቃዲሾ ጮኸች። ጥር 9 ቀን ኢጋድ ኢንቴቤ ላይ ሲሰበሰብ የእኛ ወንበር ባዶ ነበር። የተሰጠው ምክንያት የቀጠሮ መደራረብ ነው። ሱዳንም በዚያው ወር አባልነቷን አገደች።

የገጠር ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። አዝመራ ለሁሉም ሲከፋ ሰው ወንፈል ይገባል፣ ዘር ይበዳደራል። ዕዳ ያለበት ግን ሰንበቴ መምጣት ይተዋል፤ ብቻውን አቋራጭ ይፈልጋል። ረሃብ የጋራ ነው፣ ዕዳ የግል። በእኔ ንባብ የ78ቱና የ2016ቱ ልዩነት እዚህ ላይ ነው፦ ያኔ ችግር ወደ ሸንጎው አስገባን፤ አሁን ችግር ከሸንጎው አስወጣን።

እርግጥ፣ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይዞ ለወጪና ገቢ ንግዱ ከ90 በመቶ በላይ በአንድ የጎረቤት ወደብ መንጠልጠል የሚያስጨንቅ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ኢጋድም ቢሆን በለጋሽ ገንዘብ የሚተነፍስ ደካማ ድርጅት ነው። ግን ያደከመው ማነው? ሲመቸን የምንመራው፣ ሳይመቸን የምንቀርበት እኛው አይደለንም? በመጨረሻም ከሶማሊያ ጋር የታረቅነው ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. አንካራ ላይ፣ በቱርክ ሽምግልና ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ሕዝብ ሽማግሌ ፍለጋ ባሕር ተሻገረ!

ይህ የዲፕሎማቶች ወግ ብቻ አይደለም። ከጎንደር ወደ ዳባት ሲወጡ በሚያገኙት አምባ ጊዮርጊስ የወገራ ገብስና ባቄላ አምራች የሚገዛው ማዳበሪያ በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ የሚገባ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ ብር አለፈ። ከዓለም የገንዘብ ድርጅት 3.4 ቢሊዮን ዶላር ተፈቀደልን፤ ሒሳቡ ግን ማሳው ድረስ ወረደ። በመተማ በኩል ደግሞ የሱዳን ጦርነት ስደተኛውን አመጣብን። አውላላና ኩመር የሰፈሩት ሱዳናውያን ጸጥታ አጥተው በ2016 ዓ.ም. መጠለያውን ጥለው መንገድ ዳር ወጡ። ያንን እሳት ሊያበርድ የሚገባው ሸንጎ ያው ባዶ ወንበር ያለበት ሸንጎ ነው።

እንግዲህ ታላቅነት በሞላልን ቀን በሊቀመንበርነት የሚለካ ከሆነ ተበዳሪ ሁሉ ለጥቂት ዓመት ታላቅ ይሆናል። እኔ የምለካው ኪሱ ሲራቆት ጉባኤው ላይ በመገኘት ነው። ቅሬታችንን ይዘን ኢንቴቤ መሄድ ነበረብን። እዚያ ብንሸነፍ እንኳ ከጎረቤት ጋር ተከራክረን እንሸነፍ ነበር።