«ካንሰር አይደለም» ማለት «ጉዳት የለውም» ማለት ነውን?

በጽሑፎቻችንም ሆነ በታማሚው አልጋ አጠገብ በምናደርገው ንግግር ዕጢን በሁለት ጎራ መክፈል ለምደናል፤ አንዱ «ካንሰር»፣ ሌላው «ጉዳት የሌለው»። ይህ አከፋፈል ከቆዳ ሥር ለሚወጣ የስብ ዕጢ ይበቃ ይሆናል። ለቆሽት ግን አይበቃም። «ጉዳት የሌለው» ስንል የምንናገረው ስለ ሕዋሱ መልክ ነው እንጂ ዕጢው በተቀመጠበት ስፍራ ስለሚያደርሰው አይደለም። (ጥፋቱ የአማርኛ ብቻ አይደለም፤ «ቤናይን» የሚለውም ቃል በላቲን ሥሩ «ደግ» ማለት ነው።)

አይፒኤምኤን በሚል ምሕጻር የሚታወቀው ዕጢ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ጃፓናዊው ኦሃሺና ባልደረቦቹ የገለጹት ይህ ዕጢ በቆሽት ቱቦ ውስጥ እያደገ ዝልግልግ ንፍጥ ያመነጫል። ንፍጡ ቱቦውን ሞልቶ ይለጥጠዋል፤ ግፊቱ ሲበረታና ብግነት ሲታከልበት ግድግዳው ይሳሳል። በመጨረሻም ወደ ዱኦደነም፣ ወደ ሐሞት ቱቦ፣ ወደ ጨጓራ፣ አልፎ አልፎም ወደ ትልቁ አንጀት ቀዳዳ ይከፈታል። እንዲህ ያለው ቀዳዳ ወራሪ ካንሰር ባልተገኘበት ዕጢም ላይ ተመዝግቧል።

እንግዲህ ይህን ምን ብለን እንጥራው? ብዙዎቻችን «ተዛመተ» እንላለን። ይህ ግስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ከረጢት ያስገባል፦ በግፊት መብሳትን፣ የካንሰር ሕዋስ ጎረቤት አካልን መውረሩን፣ በደም ወይም በሊምፍ ርቆ መሠራጨትን። የመጀመሪያውን ከሁለተኛው ያልለየ ሐኪም በምስሉ ላይ ቀዳዳውን አይቶ «ጊዜው አልፏል» ይልና ሊወገድ የሚችለውን ዕጢ ይተወዋል። በተቃራኒው ደግሞ «ካንሰር አይደለም» የተባለው ታማሚ «ምንም አይደለም» ብሎ ይሰማና ለክትትል ሳይመለስ ይቀራል። ዋናው የቆሽት ቱቦ 10 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ሲሰፋ ዓለም አቀፉ መመሪያ ከፍተኛ የካንሰር ሥጋት ምልክት አድርጎ እንደሚቆጥረው የሚነግረው ከሌለ፣ ባይመለስ በምን እንወቅሰዋለን?

ቃሉ ያሳሳተን በዚህ ዕጢ ብቻ አይደለም። ፍራንትዝ እ.ኤ.አ. በ1959 የገለጸችውና በአብዛኛው ወጣት ሴቶችን የሚይዘው የቆሽት ዕጢ ለብዙ ዘመን ገር ተብሎ ሲታለፍ ኖሯል። ሆኖም በጥቂቶቹ ታማሚዎች ጉበት ድረስ ይሠራጫል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2010 ዝቅተኛ ደረጃ ካላቸው ካንሰሮች መድቦታል። ደግነቱ፣ ተሠራጭቶም እንኳ በቀዶ ሕክምና ከተወገደ ረጅም ዕድሜ የሚኖሩ ብዙዎች ናቸው።

በእኔ እምነት ትልቁ ጉድለት ያለው በፓቶሎጂ ሪፖርቶቻችን ላይ ነው። ከቀዳዳው ጠርዝ የተቆነጠረች አንዲት ናሙና ስለ ቀሪው ዕጢ አትመሰክርም፤ ወራሪው ክፍል ከዚያ ጥቂት ሴንቲሜትር ርቆ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ሪፖርቱ «ቤናይን» ብሎ በአንድ ቃል ከሚዘጋ፣ «በቀረበልን ናሙና ወራሪ ካንሰር አልታየም፤ የሕዋሱ ለውጥ ዝቅተኛ ደረጃ ነው፤ ዕጢው በሙሉ አልተመረመረም» ብሎ ቢጽፍ ቀዶ ሐኪሙም ታማሚውም የሚይዙት ነገር ይኖራቸዋል።