በልጅ ልክ የተቆረጠ ሕግ

በአሜሪካ በሚሸጥ የሕፃን አልጋ ዘንጎች መካከል ያለው ክፍተት ከ60 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ይህ ልክ በፌዴራል ደንብ የተጻፈው በ1973 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ከዚያ በፊት ዘንጎቹ ሰፋ ሰፋ ተደርገው ይተከሉ ነበር። ሕፃኑ በእንቅልፉ ሲንፈራገጥ መጀመሪያ እግሩ፣ ቀጥሎ ዳሌውና ሆዱ በክፍተቱ ሾልከው ይወጣሉ፤ ጭንቅላቱ ላይ ሲደርስ ግን ይያዛል። የጨቅላ ገላ ይተጣጠፋል፣ የራስ ቅሉ ግን አይተጣጠፍም። የደንቡ ብልሃት እዚህ ላይ ነው። የፈሩት ለጭንቅላቱ ሆኖ ሳለ በር የዘጉት በገላው ላይ ነው፤ ገላው ካላለፈ ጭንቅላቱ የሚያዝበት ምክንያት አይኖርም። የለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ ወርዱ 66 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ሜትር ያልያዘ ሰውም ሊፈትነው ይችላል። ቆርቆሮው በዘንጎቹ መካከል ካለፈ አልጋው ልጅ አይተኛበትም።

በሜሪላንድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው፣ ቤታቸው ውስጥ ዴይኬር ከፍተው ልጅ የሚይዙ ሐበሾች ብዙ ናቸው። ስለ ላይሰንስና ስለ ቁጥጥር ሲነሳ ጨዋታው ሁሉ ስለ ወረቀቱ ብዛት፣ ስለ አሻራው፣ ስለ ኢንስፔክተሯ ፊት ይሆናል። ድካሙ እውነት ነው፤ አልክደውም። እኔ ግን ስለ ሥራው ጥራት መናገር እፈልጋለሁ። ከእነዚህ ደንቦች ብዙዎቹ የተሠሩት የልጅን ገላ ቀርቦ ባየ፣ በለካና በተጨነቀ ሰው ነው። ይህን የመሰለ ሥራ በየቤታችን እየገባ ሳለ ማንም ቆም ብሎ ሲያደንቀው አልሰማሁም።

ለምሳሌ አንዲት ትንሽ ቱቦ አለች። ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚሠራ መጫወቻ የሚፈተነው በእሷ ነው። የአፏ ስፋት 31.7 ሚሊ ሜትር ነው። ወለሏ ሰያፍ ስለሆነ ጥልቀቷ በአንድ ወገን 25.4፣ በሌላው 57.1 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የተቀረጸችው በትንሽ ልጅ ጉሮሮ ልክ ነው። መጫወቻው ወይም ከእሱ የተነቀለ ቁራጭ፣ ሳይጫኑት፣ በየትኛውም ጎኑ ተዙሮ ሙሉ በሙሉ ከገባባት ለዚያ ዕድሜ መሸጥ ክልክል ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ መጫወቻው ይጣላል፣ ይጠመዘዛል፣ ይጎተታል። የሚፈትኑት ሳጥኑ ውስጥ በሥርዓት የተቀመጠውን አሻንጉሊት ሳይሆን፣ ልጅ ከግድግዳ ጋር አላትሞት ዓይኑን የነቀለለትን ነው።

ቱቦዋም ብትሆን ሁሉን አታይም ነበር። ከአፏ ጥቂት የሚሰፋ ኳስ ፈተናውን ያልፋል፤ ልጅ አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ክብ በመሆኑ መተንፈሻውን ዙሪያውን ይደፍነዋል። ስለዚህ በ1994 የወጣው የልጆች ደኅንነት ሕግ ለኳስ ብቻ የተለየ ልክ አወጣ፤ ለትንንሾቹ የሚሸጥ ኳስ ወርዱ ከ44.4 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ። እዚህ ላይ የምወደው እርማቱ የተደረገበትን መንገድ ነው። ቁጥሩን ለሁሉም በጅምላ አላሳደጉትም። ጉዳት ያደረሰው ቅርጽ የትኛው እንደሆነ ለይተው፣ ለዚያ ቅርጽ ብቻ ሌላ መለኪያ ሠሩ። በመጫወቻ ሜዳም ተመሳሳይ አስተሳሰብ አለ። በመሰላሉና በአጥሩ ላይ ከ9 እስከ 23 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ክፍተት አይፈቀድም። ከዚያ የጠበበው ገላን አያሳልፍም፣ ከዚያ የሰፋው ጭንቅላትንም ያሳልፋል፤ አደገኛው መካከለኛው ነው።

አንዲት ሴት ስንት ልጅ ትያዝ የሚለውን የፌዴራል መንግሥት አይወስንም፤ ለየግዛቱ የተተወ ነው። በሜሪላንድ በመኖሪያ ቤት የሚሠራ ዴይኬር በአንድ ጊዜ እስከ 8 ልጆች ይይዛል። ከእነዚህ መካከል ከ2 ዓመት በታች የሆኑት፣ ተጨማሪ አዋቂና ልዩ ፈቃድ ከሌለ በቀር፣ ከ2 አይበልጡም፤ የባለቤቷ የራሷ ጨቅላ ካለም ከቁጥሩ ይገባል። ይህ ብዙ ጊዜ ቅሬታ ይነሳበታል፤ ለጨቅላ የሚከፈለው ገንዘብ ከፍ ያለ ስለሆነ። ነገር ግን የእሳት አደጋ ደንብ ሰዎችን የሚለያቸው ራሳቸውን ችለው ከቤት መውጣት በመቻላቸውና ባለመቻላቸው ነው። የ4 ዓመቷ «ነይ» ሲሏት ትመጣለች። የ8 ወሩን ግን ማንሳት ያስፈልጋል፤ የአንዲት ሴት ክንድ ደግሞ 2 ነው። በማዕከላት ያለው ልክም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከ2 ዓመት በታች ለ3 ልጆች 1 ሠራተኛ፣ ለ2 ዓመቶቹ ለ6 ልጆች 1፣ ለ3 እና ለ4 ዓመቶቹ ለ10 ልጆች 1 ነው። ልጁ መራመድ፣ ከዚያም መስማትና መታዘዝ እየቻለ ሲሄድ ቁጥሩ አብሮት ያድጋል።

የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ቨርጂንያ ሲገቡ ነገሩ ይለያል። በሜሪላንድ በቤቷ የሰው ልጅ እየተከፈላት በቋሚነት የምትይዝ ሴት ልጁ 1 እንኳ ቢሆን መመዝገብ አለባት፤ በቨርጂንያ ግን ፈቃድ ግዴታ የሚሆነው የራሷን ሳይጨምር ልጆቹ 5 ሲደርሱ ነው። ለእኔ የሜሪላንዱ የተሻለ ነው። አንድ ልጅም ቢሆን የሰው ልጅ ነው።

ከእኛ ልማድ ጋር ፊት ለፊት የሚጋጨው የእንቅልፍ ደንብ ነው። እናቶቻችን ሕፃን በጎኑ ወይም በሆዱ አስተኝተው፣ ጋቢ ደርበው፣ ጎኑን በትራስ ደግፈው አሳድገውናል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ1992 ሕፃናት በሆዳቸው አይተኙ ብሎ መከረ፤ በ1994 ደግሞ በጀርባ የማስተኛት አገር አቀፍ ዘመቻ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ በድንገት በእንቅልፍ ላይ የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ስለዚህ ኢንስፔክተር ሕፃን የተኛበትን አልጋ ስታይ የምትፈልገው ባዶነትን ነው። ጠንካራ ፍራሽ፣ በልኩ የተወጠረ አንሶላ፣ በጀርባው የተኛ ልጅ፤ ሌላ ምንም። ትራስ የለም፣ ብርድ ልብስ የለም፣ አሻንጉሊት የለም። ይህ ለሐበሻ ዓይን ጭካኔ ይመስላል፤ በርዶት ነው የሚያሰኝ። ቤቷን እንዲህ ያሰናዳች፣ የልጁ አያት ጋቢ ይዛ ስትመጣ በትሕትና ተቀብላ መደርደሪያ ላይ የምታስቀምጥ ሴት ሥራዋን የምታውቅ ሴት ናት።

ይህ ሁሉ ደንብ ግን የሚያይ ዓይን ከሌለ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ነገሩ ቀድሞም ታይቷል። በ1870 ለንደን ውስጥ ማርጋሬት ዋተርስ የተባለች ሴት በክፍያ የተቀበለችውን ሕፃን ገድላለች ተብላ ተሰቀለች። ከ2 ዓመት በኋላ ፓርላማው ከ1 በላይ ጨቅላ በክፍያ የሚያሳድር ሰው ይመዝገብ የሚል ሕግ አወጣ። ስም መዝገብ ላይ ሰፈረ፤ በሩን አንኳኩቶ ገብቶ ማየት ልማድ እስኪሆን ግን ብዙ ጊዜ ወሰደ። በአሜሪካም የፌዴራል መንግሥት በዚህ ላይ የጠበቀ ሕግ ያወጣው በቅርቡ ነው። ፕሬዚዳንት ኦባማ በኅዳር 2014 የፈረሙት የሕፃናት እንክብካቤ የድጎማ ሕግ፣ ድጎማውን የሚቀበል ባለ ፈቃድ ዴይኬር ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት ቢያንስ 1 ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ቢያንስ 1 ጊዜ ሳይነገረው እንዲታይ ግዛቶችን አስገደደ። በዴይኬሩ ለሚሠሩ ሰዎች የኤፍ ቢ አይ የአሻራ ምርመራ፣ ባለፉት 5 ዓመታት በኖሩባቸው ግዛቶች ሁሉ ያለው የሕፃናት ጥቃት መዝገብ ፍተሻ፣ ይህም ቢያንስ በየ5 ዓመቱ እየታደሰ፤ ይህ ሁሉ የመጣው ከዚህ ሕግ ነው። በቤት ዴይኬር ሲሆን ምርመራው እዚያው ለሚኖሩት አዋቂዎችም ይደርሳል። ባለቤቷ ታክሲ ነድቶ በሌሊት ቢመለስም፣ ልጇ ኮሌጅ ውሎ ቢገባም፣ ስማቸው ከፋይሉ ውስጥ ነው።

«ሳይነገር» የሚለው ነገር ብዙዎችን ያስከፋል። ደግሞስ ማን ያልጠራው እንግዳ ይወዳል? ነገር ግን ጥበብ የሚገዛ አዋቂ ሰው ፊቱን አይቶ አይከፍልም፤ ጨርቁን ገልብጦ የጥለቱን ጀርባ ያያል። ማክሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ፣ አንዱ ልጅ ዳይፐር እየተቀየረለት፣ ሌላው ወተቱን ደፍቶ፣ ሦስተኛው እያለቀሰ ያለ ቤት ጀርባው የሚታይ ቤት ነው።

አንዲት የማውቃት ባለ ዴይኬር ስለ አንዲት ኢንስፔክተር ያጫወተችኝን አልረሳውም። ሴትዮዋ ገብታ ሰላም ካለች በኋላ መጀመሪያ ያደረገችው ልጆቹን በዓይኗ መቁጠር ነው። ቀጥሎ እጇን ልትታጠብ ሄደች። ስትታጠብም ቧንቧውን ለቅቃ ሙቀት መለኪያዋን ውሃው ውስጥ አስገባች። የሙቅ ውሃው ልክ በአብዛኛው 120 ፋራናይት፣ በእኛ 49 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። በዚያ ሙቀት ውሃ ክፉኛ ለማቃጠል ደቂቃዎች ይፈጅበታል፤ 140 ፋራናይት ከደረሰ ግን ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል፤ የልጅ ቆዳ ሲሆን ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ከዚያ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከች። አንዲት የ2 ዓመት ልጅ መጽሐፍ ይዛላት መጣች፤ ሁለት ገጽ አነበበችላት፤ ዓይኗ ግን ሥራውን አላቆመም ነበር። እዚያው ተንበርክካ ሳለ ከሶፋው ኋላ የተንጠለጠለውን የመስኮት መጋረጃ ገመድ አየች፤ ልጅ አንገት ላይ የሚጠመጠመውን ዓይነት። «እኔ ቆሜ ሳጸዳ ዓመት ሙሉ ያላየሁትን እሷ ተንበርክካ አየችው» አለችኝ ወዳጄ። ቅሬታ አልነበረባትም። ገመዱ በዚያው ቀን ተቆርጦ ወጣ።

ጥሩ ኢንስፔክተር የምለው እንዲህ ያለችዋን ነው። ቤቱን የምታየው ከልጅ ቁመት ነው፤ የልጆቹን ውሎም አትበጠብጥም። ሌላ ዓይነትም አለ። ገብቶ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና የክትባት ወረቀት፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ሰርተፊኬት፣ የወላጅ ፊርማ እያገላበጠ ሁለት ሰዓት ፈጅቶ ይሄዳል። ወረቀቱ ያስፈልጋል። ኦቾሎኒ የማይስማማው ልጅ ስሙና መድኃኒቱ ካልተጻፈ የምትተካዋ ረዳት ከየት ታውቃለች? ግን ከፎልደሩ ቀና ሳይል የሄደ ሰው ዴይኬሩን አይቶታል ማለት አይቻልም።

ሥራው በጉብኝቱ አያልቅም፤ ጽሑፉም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። «መታጠቢያ ቤቱ ለልጆች አደገኛ ነው» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ማንንም ግን አይረዳም። በደንብ የተጻፈ ግኝት የሚመስለው እንዲህ ነው። ከእጅ መታጠቢያው ሥር ያለው ቁም ሳጥን መቆለፊያው አይይዝም፤ ውስጡ ክዳኑ የላላ በረኪና አለ፤ በዚያ ሰዓት ሁለት የ3 ዓመት ልጆች ብቻቸውን እየታጠቡ ነበር፤ የተጣሰው አንቀጽ ይህ ነው፤ እስከዚህ ቀን ይታረም። ስድብም ግምትም የለበትም። ባለቤቷ ምን ገዝታ የት እንደምትሰካው ታውቃለች። ተከራክራ ይግባኝ ብትልም ስለ አንድ መቆለፊያ ትከራከራለች እንጂ ስለ ስሟ አይደለም። ወላጅም አንብቦ አደጋው ምን ያህል እንደነበር በራሱ ይመዝናል።

ወላጅ ማንበብ የሚችለውም ያው የ2014ቱ ሕግ ውጤቱ በግልጽ ቋንቋ በኢንተርኔት ይለጠፍ ስላለ ነው፤ በኋላ የወጣው ደንብ ደግሞ እስካለ ድረስ ቢያንስ የ3 ዓመት መዝገብ ይታይ ይላል። ሜሪላንድ ቼክ ሲሲኤምዲ የሚባል ድረ ገጽ አላት፤ የዴይኬሩን ስም ወይም ሰፈሩን ጽፎ ማየት ይቻላል። የእኛ ሰዎች ዴይኬር የሚመርጡት በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ በሚተዋወቁ ሰዎች አፍ ነው። የሰው ምስክርነት ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ልጃችሁን ከማስረከባችሁ በፊት አንድ ምሽት መዝገቡን ክፈቱ። ስታነቡ የግኝቶቹን ብዛት ብቻ አትቁጠሩ። በአንድ ጉብኝት አራት ነገር ተገኝቶባት በሚቀጥለው ሁሉንም አስተካክላ የተገኘች ሴት አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ አንዱ ግኝት ነው፤ ልጆች ያለ አዋቂ ክትትል ተገኙ የሚለው፣ ያውም በሁለት የተለያዩ ዓመታት ከተጻፈ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ቀኑንና የአንቀጹን ቁጥር ብቻ አስተያዩ፤ አንድ ቁጥር ሲደጋገም ዴይኬሩ ሄዳችሁ ስለ እሱ ጠይቁ።