ሸረሪትና ቢራቢሮ በአንድ ገጽ

ለልጆች የሳይንስ መጽሐፍ ሥዕል የሚያዙኝ ሰዎች ሸረሪትንና ቢራቢሮን ጎን ለጎን፣ እግራቸው ተዘርግቶ፣ ከላይ እንደታዩ አድርጌ እንድሥል ይፈልጋሉ። በአንዷ 8 እግር፣ በሌላዋ 6፤ በአንዷ ሁለት የአካል ክፍል፣ በሌላዋ ሦስት። ቆጠራው ልክ ነው። አሣሣሉ ግን ለቢራቢሮዋ ያደላል።

ሮተርዳም ውስጥ በመስቀል ሰሞን ከየአጥሩ የማላጣቸው ሁለት ናቸው፦ ጀርባዋ ላይ በነጭ ነጠብጣብ የመስቀል ምልክት ያለባት ሸረሪትና ጥቁር ክንፏን ቀይ መቀነት ያስታጠቀች፣ አታላንታ የምትባል ቢራቢሮ። አታላንታ ሞታ ብትደርቅም መልኳ ቶሎ አይለቅም፤ ቀለሟ ያለው እንደ ጣሪያ ክዳን በተደራረቡ ጥቃቅን ቅርፊቶች ላይ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1678 አምስተርዳም ያረፈው ሠዓሊ ኦቶ ማርሴዩስ ፋን ስክሪክ የእውነተኛ ቢራቢሮ ክንፍ ያልደረቀ ቀለም ላይ እየተጫነ ቅርፊቱን ሥዕሉ ላይ ያስቀር ነበር።

በሸረሪት ይህ አይሆንም። እግሯን ለመዘርጋት የሰውነቷ ፈሳሽ ግፊት ያስፈልጋታል፤ ስትሞት ግፊቱ ይጠፋና እግሮቿ ወደ ውስጥ ይኮራመታሉ። ሙዚየሞች በአልኮል ያቆዩዋታል፤ ቀለሟ ግን እየደበዘዘ ይሄዳል። ስለዚህ የምሥላት በሕይወት እያለች፣ ድሯ ላይ ነው። መሐል ላይ ቁልቁል ተንጠልጥላ፣ የፊት እግሮቿን ክሮቹ ላይ አሳርፋ ትጠብቃለች። ዓይኗ ደካማ ስለሆነ የገባላትን ነገር የምታውቀው በክሩ ንዝረት ነው። እኔም ከሁሉ በላይ የምለፋው ጥፍሯ ያረፈበትን ክር በትንሹ ጎበጥ ለማድረግ ነው፤ ክሩ ቀጥ ካለ ሸረሪቷ ወረቀት ላይ የተለጠፈች ትመስላለች።

ሠዓሊዋ ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን በ1691 አምስተርዳም ገብታ፣ ከሱሪናም ጉዞዋ በኋላ በ1705 ባሳተመችው መጽሐፍ ቢራቢሮን ከነአባጨጓሬዋና ከነተክሏ፣ ሸረሪትንም ከነአደኗ ሥላለች። እኔም አታላንታን አባጨጓሬዋ ከሚበላው ሳማ ጋር፣ ሸረሪቷን ከድሯ ጋር አደርጋለሁ።

ሁለቱ የሚገናኙበትም ቦታ አለ። ቢራቢሮ ድር ውስጥ ስትገባ የሚጣበቀው ቅርፊቷ ነው፤ እሱ ተላቆ ክሩ ላይ ሲቀር አንዳንዴ ታመልጣለች። ሸረሪቷ በፋንታዋ ያረጀውን ድር በልታ አዲስ ትሠራለች። አንዷ ከክንፏ ከፍላ ታመልጣለች፣ ሌላዋ የፈተለችውን መልሳ ትጎርሳለች። ይህ ንጽጽር እግር በመቁጠር አይገኝም። አዛዦቼ የሚፈልጉትን ቆጠራ ከገጹ ግርጌ በትንሽ ንድፍ አስቀምጥላቸዋለሁ፤ ሰፊውን ቦታ ግን ለድሩና ለሳማው እሰጣለሁ።