ሰርቨሩ ምን አለ?

ከደባርቅ «ወንድሜ፣ ሳይታችን ሞቷል» ተብሎ ሲደወልልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ምን ቁጥር ጻፈባችሁ?» ብዬ ነው። ብዙ ጊዜ ደዋዩ ቁጥሩን ልብ አላለውም። ያለ እሱ ግን ሥራ መጀመር ይቸግረኛል፤ ቁጥሩ ሰርቨሩ ራሱ የሰጠው ቃል ነውና።

ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ እንደ መጣራት ነው። «ግቡ» ከተባለ 200። «ወደ አዘዞ ተዛውረዋል» ከተባለ 301። «አሉ፣ ግን አንተን አያስገቡም» 403፣ «እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም» 404። በ4 የሚጀምሩት ጠሪው ይዞት የመጣውን ጥያቄ ይመለከታሉ፤ በ5 የሚጀምሩት የቤቱን ችግር። 500 ከሆነ ፕሮግራሙ ውስጥ አንድ ነገር ተሰናክሏል፤ 503 ከሆነ ሰርቨሩ ለጊዜው ማስተናገድ አልቻለም። ከውስጥ ምንም ድምፅ ካልመጣስ? ለዚያ ቁጥር የለም።

ይህን ዝምታ የጎንደር ሰው ጠንቅቆ ያውቀዋል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥና ለወራት ተቋርጦ ሲቆይ፣ ስልካችን ላይ 404ም 503ም አልነበረም። ብሮውዘሩ ግንኙነት እንደሌለ ይናገራል፣ በቃ። በዚያው ሰዓት ግን የስሜን ተራሮች አስጎብኚዎችና ሎጆች ሳይቶቻቸውን ያስቀመጡባቸው የውጭ አገር ሰርቨሮች እየሠሩ ነበር። ጀርመን ያለ ቱሪስት ገጹን ከፍቶ የጉዞ ጥያቄ መላክ ይችላል፤ ደባርቅ ያለው አስጎብኚ ጥያቄውን ማንበብ አይችልም። አውሮፓ ተቀምጦ ሳይት የሚከታተል አገልግሎትም 200 ብሎ ቢመዘግብ አልዋሸም፤ ከቆመበት የጠየቀውን ነው የመለሰው። ከዚያ ወዲህ ቁጥር ሲነገረኝ «ከየት ሆኖ ተጠይቆ ነው?» ሳልል አላልፍም፤ ሙያችን ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ ያለም አይመስለኝም።

የ12ኛ ክፍል ውጤት በሚለቀቅበት ቀን የቁጥሮቹን ትርጉም ወላጆች ሁሉ ቢያውቁ እወድ ነበር። ከመላ አገሪቱ የመጣ ተማሪ አንድ ሳይት ላይ ሲረባረብ 502፣ 503ና 504 የሚጠበቁ ናቸው። አድራሻው ትክክል ከሆነ እንዲህ ያለው ቁጥር ውጤትህ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ሰርቨሩ ተጨናንቋል፣ ቆይተህ ተመለስ ማለት ነው። በየሰከንዱ እያደሱ መጫን ደግሞ መጨናነቁን ያባብሰዋል። ልጁ እያለቀሰ «ጠፋ» ሲል እናት «ቁጥሩ ስንት ነው?» ብላ ብትጠይቀው ቢያንስ ያ ሌሊት ቀለል ይላል።

ለማየት ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። ኮምፒውተር ላይ ኤፍ 12ን ተጭኖ ኔትወርክ የሚለውን ከፍቶ ገጹን እንደገና መጫን ይበቃል፤ ገጹ የጠራቸው ፎቶዎችና ፋይሎች ሁሉ ከነቁጥራቸው ይደረደራሉ። እኔ ከርል የሚባለውን የትእዛዝ መሣሪያ እመርጣለሁ፤ ገጹን ሳያወርድ የመልሱን ራስጌ ብቻ ሊያመጣ ይችላል። ፓኬጅ ገዝቶ ለሚሠራ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ዓይን የግድ የሚያስፈልገው 200 ላይ ነው። አንድ ሆቴል የጥምቀት ሰሞን ዋጋውን ያወጣበትን ገጽ አንስቶ «ገጹ የለም» የሚል ጽሑፍ ይተካበታል፤ ሰርቨሩ ግን ከዚያ ጽሑፍ ጋር 200 ይልካል። ሰው የሚያነበው «የለም»፣ ማሽን የሚሰማው «አለ»። ጎግልም የሞተውን ገጽ ለፈላጊ ማሳየቱን ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን አይቼ አልተውም፤ ገጹንም አነባለሁ። ላይመለስ የተነሣ ገጽ 410 ቢመልስ ይሻላል።

በአማርኛ አድራሻ የሚሠራ ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። የግእዝ ፊደል አድራሻ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ ወደ ዘጠኝ ምልክቶች ይዘረዘራል፤ «ጎንደር» ብቻውን 36 ይሆናል። ረጅም ርእስ ያለው ማስፈንጠሪያ በቴሌግራም ሲቀባበል መሐል ላይ ከተቆረጠ ውጤቱ ብዙ ጊዜ 404 ነው። ሞክሼ ሆሄዎቹ ደግሞ ይብሳሉ። ዓፄ ፋሲል፣ ዐፄ ፋሲል፣ አፄ ፋሲል፣ አጼ ፋሲል፦ ለእኛ አንድ ንጉሥ፣ ለሰርቨሩ አራት የተለያዩ አድራሻዎች። አንዱ 200 ሲመልስ ሦስቱ 404 ይላሉ፤ አንባቢው በትምህርት ቤት የተማረውን አጻጻፍ በመጻፉ ይቀጣል። ይህ አግባብ አይመስለኝም። ሦስቱን በ301 ወደ አንዱ እመራቸዋለሁ፤ በ302 አይደለም፤ 302 ለጊዜያዊ መዛወር ነው። አንዱን በሌላው በኩል አላዞርም፣ እያንዳንዱ ዙር በደካማ መስመር ላይ ተጨማሪ ጥበቃ ነውና። ከዚያ አራቱንም በስልኬ፣ በሞባይል ዳታ እከፍታለሁ፤ በቢሮው ዋይፋይ አይደለም። አራቱም 200 ላይ እስኪያርፉ ድረስ ለባለቤቱ አልቋል ብዬ አልደውልም።