የእድምተኛው ልብስና ያልተጻፈው ሒሳብ፤ ስለ ፑንጃብ ሠርግ ወጪ በተጻፉ ጥናቶች ላይ የቀረበ ሒስ

ስለ ፑንጃብ ሠርግ የተጻፈውን ሰብስቦ የሚያነብ ሰው የባለ ሠርጉን ወጪ በዝርዝር ተቈጥሮ ያገኘዋል። የድንኳኑ፥ የምግቡና የሙዚቀኛው ክፍያ፥ ለሙሽራዪቱ የሚሰጠው ወርቅና ልብስ፥ ለአማቾች የሚቀርበው ገጸ በረከት፥ ይህን ሁሉ ለመክፈል የተወሰደው ብድርና ወለዱ ሳይቀር በየመጽሐፉ ይነገራል። ስለ እድምተኛው ግን የሚነገረው በላ፥ ጠጣ፥ ስጦታውን ሰጥቶ ሄደ የሚል ብቻ ነው። ምን ለብሶ መጣ? ልብሱንስ በምን ገንዘብ አሰፋው? ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ምዕራፍ እምብዛም አይገኝም። ጕድለቱ ጥቃቅን ነገርን ከመናቅ ብቻ የመጣ አይደለም። የሠርግ ወጪ ማለት የባለ ሠርጉ ወጪ ማለት ነው የሚለው አስተሳሰብ ከመጀመሪያው ስለ ተያዘ፥ ወጪው በብዙ ቤቶች ተበታትኖ መከፈሉ ሳይታይ ቀርቷል።

በመጀመሪያ ነገሩን ራሱን ማየት ይገባል። በፑንጃብ ሠርግ የአንድ ቀን በዓል አይደለም፤ በሲኮች፥ በሂንዱዎችና በሙስሊሞች ዘንድ ሥርዐቱ ቢለያይም ሁሉም ዘንድ በርከት ያሉ ቀኖችን ይይዛል። ሙሽሮቹ በእርድ ልቍጥ የሚታሹበት ማይያን አለ፤ ሴቶች እጃቸውን በሂና የሚያስጌጡበት መሂንዲ፥ ዘፈንና ጭፈራ የሚደራበት ሳንጊት፥ የእናት ወገን ዘመዶች መብራት የተደረደረበትን እንስራ በራሳቸው ተሸክመው እየዞሩ የሚጨፍሩበት ጃጎ አለ። ከዚያ የሙሽራው አጀብ፥ ባራት፥ ይመጣል። የሁለቱ ወገን ዘመዶች፥ አባት ከአባት፥ አጎት ከአጎት፥ እየተጠሩ የአበባ ጕንጕን የሚለዋወጡበት ሚልኒ ይደረጋል። በሲኮች ዘንድ አናንድ ካራጅ፥ በሙስሊሞች ዘንድ ኒካህ፥ በሂንዱዎች ዘንድ እሳቱን መዞር ከተፈጸመ በኋላ ትልቁ ግብዣ ይከተላል።

ለእያንዳንዱ የሚስማማው ልብስ የተለየ ነው። ለእርዱ ቀን ብጫ ይወደዳል፤ ለጭፈራው ቀላልና ለመወዛወዝ የሚመች፥ ጕርድዋራ ለሚባለው የሲኮች የጸሎት ቤት ራስ የሚሸፍንና ወለል ላይ ለመቀመጥ የማያውክ፥ ለማታው ግብዣ ደግሞ በወርቀ ዘቦ የከበደ ይፈለጋል። ነጭ የሐዘን መልክ ስላለው ሴት እድምተኛ አትመርጠውም፤ ደማቁ ቀይ የሙሽራዪቱ ነውና ይተውላታል። በዚህ ላይ አንድ ያልተጻፈ ሕግ ይጨመራል፤ በአንዱ ዘመድ ሠርግ የታየ ልብስ በዚያው ሰው ፊት በሌላው ሠርግ እንዳለ አይደገምም። ፎቶግራፍ ሳይስፋፋ ይህን ሕግ የሚያስከብረው የሰው ማስታወስ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ሥዕሉ በየስልኩ ስለሚቀመጥ ምስክር አይጠፋም። አባት፥ እናትና ሁለት ልጆች ያሉበት ቤተ ሰብ በአራት ሥርዐቶች ላይ ቢገኝ፥ ሕጉ በጥብቅ ከተያዘ 16 ሙሉ ልብስ ያስፈልገዋል ማለት ነው። ለወንዶቹ ይቀልላል፤ ነገር ግን በአንድ የሠርግ ወራት ሁለትና ሦስት ጥሪ የሚደርሰው ቤት ጥቂት አይደለም።

ዋጋው ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚታይ አይደለም። ሻልዋር ቀሚስ (ሁለተኛው ቃል የአማርኛው ቀሚስ ዘመድ መሆኑን አንባቢ ልብ ይላል) ብዙውን ጊዜ ሳይሰፋ በሦስት ቍራጭ ይሸጣል፤ አንዱ ለቀሚሱ፥ አንዱ ለሱሪው፥ አንዱ እንደ ነጠላ ለሚጣለው ዱፓታ ነው። ጨርቁ ለሱቅ፥ ጥልፉ ለጠላፊ፥ ስፌቱና ገበሩ ለልብስ ሰፊ ይከፈላል፤ ከዚያ ጁቲ የሚባለው ጫማ፥ አምባሩ፥ ጕትቻው ይከተላል። ገዢዋ ራስዋ ድምሩን የምታውቀው ዘግይታ ነው። እድምተኛዋ የምታደርገው ወርቅ ሀብት ነው፤ ከሠርጉ በኋላ ወደ ሣጥኑ ይመለሳል፥ በክፉ ቀንም ይሸጣል ወይም መያዣ ይሆናል። በዶቃና በወርቀ ዘቦ የከበደው ሌሄንጋ ግን ከታየበት ማታ ጀምሮ ዋጋውን ያጣል። ልብስ የለባሹ ንብረት ስለ ሆነ እንደ ወጪ ሊቈጠር አይገባም የሚል ቢኖር፥ ይህን ልዩነት ማየት ይኖርበታል።

ቀድሞ እንዲህ ያለ ወጪ አልነበረም ማለትም ስሕተት ነው። የተለወጠው የወጪው ዐይነት ነው። ፉልካሪ የተባለው የፑንጃብ ጥልፍ በእጅ በተፈተለ ወፍራም የጥጥ ጨርቅ ላይ ከጀርባ በኩል በሐር ክር ይጠለፍ ነበር፤ ጨርቁን ጨርሶ የሚሸፍነው ባግ የሚባለው ዐይነት ብዙ ወራት ይፈጅ ነበር። እናቶችና አያቶች ለልጃገረዶቻቸው ይሠሩት ነበርና የሚከፈለው በገንዘብ ሳይሆን በሴቶች ጊዜ ነበር። የ1947 የአገር መከፈል ይህን ሙያ ክፉኛ ጐዳው፤ ዛሬ አብዛኛው ፉልካሪ በመኪና ተጠልፎ በሱቅ ይሸጣል። ጊዜ ወደ ገንዘብ ሲለወጥ ልብሱን የምታስገኘው ሴት ሸማች ሆነች፤ የሸማች ወጪ ደግሞ ብክነት ተብሎ ለመወቀስ ይቀርባል።

ወቀሳው ዕድሜ አለው። በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን በፑንጃብ አስተዳደር ያገለገሉት ማልኮም ዳርሊንግ በ1925 (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ስለ ፑንጃብ ገበሬ ብልጽግናና ዕዳ ባሳተሙት መጽሐፍ፥ ከመሬት መጣበብ፥ ከከብት እልቂትና ከአራጣ አበዳሪዎች አሠራር ጋራ የሠርግን ወጪ ከዕዳው ምክንያቶች አንዱ አድርገው ቈጥረዋል። ቪና ታልዋር ኦልደንበርግ በ2002 ባወጡት መጽሐፍ ይህን አስተሳሰብ ተቃውመዋል። መንግሥት ግብሩን በጥሬ ገንዘብና በተወሰነ ቀን መጠየቁ ገበሬውን ወደ አበዳሪ እንደ ነዳው፥ የሠርግ ብክነት የሚለው ክስም አገዛዙን ከተጠያቂነት የሚያድን ሆኖ እንዳገለገለ ይከራከራሉ። ክርክሩ ብርቱ ነው። ይሁን እንጂ ከሳሹም ተከላካዩም የሚያዩት አንድ ተከሳሽ ብቻ ነው፤ እርሱም ልጁን የሚድረው አባወራ ነው። በእድምታ የተጠራችው የአጎት ሚስት ያሰፋችው ልብስ በአንዱም ወገን መዝገብ አይገኝም።

(ዳጅ ወይም ዳሂጅ የሚባለውን የሙሽራዪቱ ቤተ ሰብ ስጦታ በአማርኛ ጥሎሽ ብሎ መተርጐም አንባቢን ያሳስታል፤ ጥሎሽ ከወንዱ ወገን የሚመጣ ነውና።)

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ጕድለት የሚታየው ከሁሉ በሚበልጠው መጽሐፍ ነው። ዘኪያ ኤግላር ከ1949 ጀምሮ በፓኪስታን ፑንጃብ በጕጅራት አውራጃ፥ ሞህላ በተባለች መንደር ለረዥም ጊዜ ኖረው ያጠኑትን በ1960 አሳትመዋል። ቫርታን ባንጂ ስለሚባለው የስጦታ ልውውጥ የጻፉት እስከ ዛሬ ድረስ የሚጠቀስ ነው። ስጦታው በትክክል አይመለስም፤ ጥቂት ተጨምሮበት ይመለሳል፤ ሒሳቡ እኩል ከሆነ ዝምድናው ያበቃልና ሁልጊዜ አንዱ ወገን ባለ ዕዳ ሆኖ ይኖራል። ይህን ሥራ በአብዛኛው የሚያካሂዱት ሴቶች መሆናቸውን ኤግላር በግልጽ አሳይተዋል። ልብስም በመጽሐፉ ውስጥ ሰፊ ቦታ አለው፤ ነገር ግን ቦታ ያገኘው ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው ልብስ ነው። የፑንጃብ ሴቶች የሚሰጥ ልብስና የሚለበስ ልብስ ብለው በሣጥናቸው ይለያሉ። የመጀመሪያው ከአንዱ ሠርግ ወደ ሌላው ሳይሰፋ ሊዞር ይችላል። ሁለተኛው ለባሽዋ ላይ ይቀራል። ኤግላር የመጀመሪያውን ሣጥን ከፍተው በድንቅ ሁኔታ አሳይተዋል፤ ሁለተኛውን ግን አልከፈቱትም።

ነገሩ የመርማሪዋ ስንፍና አይደለም፤ የመሣሪያው ጠባይ ነው። ማርሴል ሞስ በ1925 ስለ ስጦታ ባወጡት ድርሰት መስጠት፥ መቀበልና መመለስ ሦስቱም ግዴታዎች ናቸው ብለዋል። ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ተማሪዎች ግን በመስጠትና በመመለስ ላይ ሲያተኵሩ መቀበልን ነጻ አድርገው ተዉት። የፑንጃብ ሠርግ የሚያሳየው መቀበልም ዋጋ እንዳለው ነው። የጥሪ ካርድና የጣፋጭ ሣጥን የተቀበለች ሴት ለመቀበልዋ የምትከፍለው በልብስዋ ነው። አጊጣ ስትመጣ የምታከብረው ራስዋን ብቻ አይደለም፤ በተቃራኒው ወገን ዐይን ፊት የባለ ሠርጉን ቤት ታከብራለች። ስለዚህ ልብሱ ለባለ ሠርጉ የተሰጠ ስጦታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ነገር ግን ኒዩንድራ የሚባለው የገንዘብ ስጦታ በደብተር ተጽፎ በጊዜው ከነጭማሪው ሲመለስ፥ ይህኛው በደብተር አይጻፍምና ተመላሽ የለውም።

በወንዶችና በሴቶች መካከል ያለው ልዩነትም ከዚሁ ጋራ ይታያል። በብዙ ሠርግ ለባራቱ ወንዶች አንድ ዐይነት ቀለም ያለውን ጥምጥም የሚያቀርበው ባለ ሠርጉ ነው፤ ጠምጣሚም ይቀጠርላቸዋል። በሚልኒ ጊዜ የሚጠሩት በአብዛኛው ወንዶች ናቸው፤ የአበባ ጕንጕኑም፥ ሻሉም ሆነ ገንዘቡ ለእነርሱ ይሰጣል። ሴቶቹ ቆመው ይታያሉ። የወንዱን የክብር ልብስ ባለ ሠርጉ ሲከፍል የሴቲቱን ራስዋ ትከፍላለች። ይህ በፎቶግራፉ ሁሉ ላይ በግልጽ የሚታይ ነገር ሆኖ ሳለ ከጽሑፉ መታጣቱ ያስገርማል።

ፓርሚንደር ባቹ በዚህ ረገድ ከሌሎቹ የተሻለ መንገድ ከፍተዋል። በ1985 ባሳተሙት ጥናት ከምሥራቅ አፍሪካ ወደ ብሪታንያ የሄዱት ሲኮች ሴት ልጆች ደመወዝ ማግኘት ሲጀምሩ የዳጁ መጠን እንዳደገ አሳይተዋል። በ2004 ያወጡት ደግሞ ስለ ልብሱ ራሱ ነው፤ በለንደን ገበያዎች ሻልዋር ቀሚስ የስደተኛ ልብስ ተብሎ ከሚናቅበት ተነሥቶ እንዴት እንደ ተከበረ፥ በቤታቸው የሚሰፉ እናቶች፥ ከደንበኛ ጋራ እየተነጋገሩ ንድፍ የሚሥሉና ንድፉን በፋክስ ወደ ህንድ የሚልኩ ነጋዴ ሴቶች ይተረኩበታል። የመጽሐፉ ደስታ የሚያስመሰግን ነው፤ ልብስ ለለባሽዋ ሸክም ብቻ ሳይሆን ጥበብና ኵራት እንደ ሆነ ያስታውሳል። ሆኖም ታሪኩ የተነገረው ከመደብሩ መስኮት በስተ ውስጥ ነው። ገብታ ዋጋውን ጠይቃ የወጣችው ሴት አትታይም።

ሚራ ናይር በ2001 ያወጡት፥ በዚያው ዓመት በቬኒስ የወርቅ አንበሳ የተሸለመው ‘የዝናም ወራት ሠርግ’ የተባለው ፊልምም እንዲሁ ነው። በዴልሂ የሚኖር የፑንጃብ ቤተ ሰብ ልጁን ሲድር አባትየው በገንዘብ ሲጨነቅና ሲበደር ይታያል። ዘመዶቹ ከሩቅ አገር አጊጠው ይመጣሉ፤ በእነርሱ ዘንድ ግን ልብሱ እንደ ዝናሙ ከሰማይ የወረደ ይመስላል።

ሕግ አውጪዎችም በዚያው መንገድ ሄደዋል። ህንድ በ1961 ዳሂጅን በሕግ ከለከለች፤ የፓኪስታን ፑንጃብ በ2016 ባወጣው ሕግ የሠርግ ግብዣ በአንድ ወጥ እንዲወሰንና ከምሽቱ አራት ሰዓት እንዳያልፍ አዘዘ። ወጡም ሰዓቱም የባለ ሠርጉ ነው። እውነት ነው፥ የዘመድን ልብስ በሕግ መወሰን አይቻልም፥ ቢቻልም አይወደድም። ነገር ግን ባለ ሠርጉ ከሰባት ወጥ ወደ አንድ ወጥ ሲወርድ ከእድምተኛዋ ላይ አንድ ዱፓታ እንኳ አልተቀነሰላትም።

ዐቅም የሌላት ዘመድ ምን ታደርጋለች? ከእኅትዋ ትዋሳለች፤ ያንኑ ቀሚስ በሌላ ዱፓታ ትለውጠዋለች፤ በከተማ ከሚያከራዩ መደብሮች ትከራያለች። ይህም ካልሆነ ልጅ ታመመብኝ ብላ በኒካሁ ወይም በአናንድ ካራጁ ቀን ብቻ ትመጣለች፤ ወይም ከነጭራሹ ትቀራለች። የቀረች ሴት ኒዩንድራዋን በሰው እጅ ብትልክም ከሴቶቹ ክበብ እየራቀች ትሄዳለች፤ ነገ የራስዋን ልጅ ስትድር የሚመጣላት ሰው ያንሳል። ኤግላር የገለጡት የዝምድና ሰንሰለት የሚበጠሰው በስጦታ ማነስ ብቻ ሳይሆን በልብስ እጦት ጭምር ከሆነ፥ የቫርታን ባንጂ ሒሳብ እንደገና መታየት አለበት።

ለዚህም ማስረጃ የሚታጣ አይመስልም። የኒዩንድራው ደብተር በባለ ሠርጉ ቤት ይገኛል፥ ተመራማሪዎችም እርሱን ሲገለብጡ ኖረዋል። ሌላው ደብተር በልብስ ሰፊው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የእያንዳንዷ ሴት ልክ፥ የሰጠችው ቀብድ፥ ያልከፈለችው ቀሪ ገንዘብና ልብሱ ሊደርስላት የሚገባው ቀን በላዩ ተጽፎበታል።